ለባላጋራው የተናገረ ጠበቃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ደንበኛዬን አሳሰርኩ። ሌላው ምንም ይበል፣ እኔ እስከ ዛሬ የማምነው እንደዚያ ነው።

ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወር አልሞላኝም ነበር። ሰቆጣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ ተመደብኩ። የተከላካይ ጠበቃ ሥራ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ በመንግሥት ደመወዝ መከራከር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሬጅስትራሩ አቶ ወርቁ አራት መዝገብ አስታቀፉኝና «የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ላይ ይቀርባል፤ ቶሎ ቶሎ አንብቢው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ እዚያው አካባቢ ያለችው የዝቋላ ወረዳ ገበሬ ነበር። ፍየሎቹ የጎረቤቱ ማሽላ ውስጥ ገብተው ጠብ ተነስቷል፤ በጠቡ መሐል ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ክንዱን ሰብሮታል። ራሱን ለመከላከል ነው የመታው ልል አስቤ ተነሳሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ እንዳሉት ደንበኛዬ ጎረቤቱን መምታቱ እውነት ነው። ዱላውም ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ…» ሰብሳቢው ዳኛ «ይሁን እንጂ» ስል እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ከተናገርኩት አንድም ቃል አልጻፉም።

ተፈረደበት። ፖሊሱ ሲወስደው ዞር ብሎ አየኝና «እቴ፣ አንቺ ግን የማን ወገን ነበርሽ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለባላጋራ አንዲት ጋት የማልለቅ ጠበቃ ሆንኩ። ባልደረቦቼ «ፀሐይ በምሥራቅ ወጣች ቢሏት ማስረጃ አምጡ ትላለች» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔ ደግሞ በስድባቸው እኮራ ነበር።

ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ የመንግሥቱን ሥራ ትቼ የግል ፈቃድ አወጣሁ። የከተማችን ኮሌጅ የሕግ ክፍልም በሳምንት ሁለት ቀን እንዳስተምር ጠየቀኝ። ካች አምና የክፍሉ ኃላፊ አንድ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ።

«ዓለም አቀፍ የሕግ ምስለ ችሎት ውድድር አለ» አለኝ። «ማጣሪያው በቪዲዮ ነው፣ ከሰቆጣ መውጣት አያስፈልገንም። ያለፈ ቡድን ውጭ አገር ሄዶ ይወዳደራል። አሰልጣኝ አጣሁ።»

«ስንት ቡድን ተመዝግቧል?»

«ብዙ።»

«ከእኛ የሚበልጡት ስንት ናቸው?»

«ሁሉም» አለ፣ ፈገግ ሳይል።

«በል እኔ አሰለጥናለሁ» አልኩት። እንዲህ ሲሉኝ አልችልም፤ ደሜ ይፈላል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ምስለ ችሎት የልምምድ ፍርድ ቤት ነው። የሌሉ ሁለት አገሮች በሌለ ውል ይጣላሉ፤ ተማሪዎቹ ግን እውነተኛ ሕግ ጠቅሰው፣ እውነተኛ ላብ እያላባቸው ይከራከራሉ። መጀመሪያ የጽሑፍ ክርክር ይገባል፤ ቀጥሎ የቃል ክርክር ይሰማል። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሃያ ደቂቃ አለው፤ ሦስት ዳኞች በፈለጉ ጊዜ እያቋረጡ ይጠይቁታል። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት መዝገብ ይሰጣል፤ ከዚያ መዝገብ ውጭ አንዲት ፍሬ ነገር መጨመር ክልክል ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው።

የዚያ ዓመት ጉዳይ የሁለት ጎረቤት አገሮች ነበር። ሞልካ ቆላ ናት፤ አርዳ ደጋ። በውላቸው መሠረት ድርቅ በመጣ ጊዜ የሞልካ ከብት በሦስት የድንበር በሮች ገብቶ በአርዳ መሬት ይግጣል። ድርቁ መጣ። አርዳ ግን የከብት በሽታ ገብቷል ብላ ሦስቱንም በሮች ዘጋች። የሞልካ ከብት በር ላይ አለቀ፤ ሞልካ ከሰሰች። በማጣሪያው እኛ ለከሳሿ ለሞልካ፣ ሌሎቹ ለአርዳ እንዲከራከሩ ዕጣ ወጣ።

መዝገቡን አንብቤ ስጨርስ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ድርቅ ምን እንደሆነ መጽሐፍ አገላብጦ ነው የሚያውቀው። የእኔ ልጆች ከብት ይዞ ግጦሽ ፍለጋ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፤ አድርገውታል።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ትርንጎ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ናት፤ ፈጣን ከመሆኗ የተነሳ ስትናገር ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ አይታይም። አዲሱ የደሃና ልጅ ነው፤ መዝገቡን በአንቀጽ ቁጥሩ በቃሉ ይዞታል፣ ግን ተጠባባቂ ነው። ሁለተኛው ተናጋሪ ሞገስ ነው።

ሞገስ የጋዝጊብላ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣኛ ነው። አባቱ የኔታ ገብረ ሕይወት በገጠር ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምራሉ፤ ሞገስም ወደ ሕግ ከመምጣቱ በፊት ከአባቱ ጉባኤ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሲናገር ረጋ ይላል። ከጥያቄ በኋላ ትንሽ ዝም ብሎ ነው የሚመልሰው። ያንን እርጋታ ገና የመጀመሪያ ቀን ወደድኩት።

የምንለማመደው ፍርድ ቤቱ ግቢ ባለው የፕላዝማ ክፍል ነበር። ሩቅ ያለ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲሰማ ባለጉዳይ እዚያ እንዳይንከራተት በትልቅ ስክሪን የሚከራከርበት ክፍል ነው፤ ካሜራ አለው፣ ማይክ አለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር አለው። አቶ ወርቁ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። ከፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አስፈቅደው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቁልፉን ሰጡን። «ዳኞቹ የእውነት አይደሉም ትያለሽ። ችሎት አስከባሪ ግን ያስፈልጋል» ብለው ራሳቸውን ሾሙ።

የመጀመሪያው ዙር ደረሰ። ትርንጎ ሃያ ደቂቃዋን እንደ ጎርፍ ወረደችበት፤ ዳኞቹ ወደዷት። ሞገስ ተነሳ። አምስት ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄደ። ከዳኞቹ አንዱ አቋረጠው።

«ጠበቃ፣ አንድ አገር በሽታ ሲመጣበት በሩን መዝጋት አይችልም?»

ሞገስ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ከዚያ «በዚህ ላይ ሦስት ሐሳብ አለ» ብሎ ጀመረ። አንደኛው፣ ውል ውል ነውና አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጎረቤቱን አማክሮ ከሆነ ይችላል የሚል ነው። ወደ ሦስተኛው ተሻገረ። በሽታው የአርዳን መንጋ ሁሉ የሚፈጅ ከሆነ፣ የራሱን ከብት ገድሎ የሰው ከብት አድን ተብሎ የሚገደድ አገር የለም አለ። ከሦስቱ ይኸኛውን ነው አሳምሮ ያስረዳው። ምሳሌው ልብ ይነካል፤ የጠቀሰው ሕግ ትክክል ነው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

የአርዳ ተከራካሪዎች በስክሪኑ ላይ ሲተያዩና ሲስቁ አየኋቸው።

ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ ይዤው ወጣሁ። «አንተ ልጅ፣ ለማን ነው የምትከራከረው?»

«ለሞልካ።»

«ታዲያ አርዳ እንዲህ ብታደርግ ትክክል ነች ብለህ ያስረዳኸው ለምንድን ነው?»

ግራ ገባው። «ቲቸር፣ አባቴ ዘንድ አንድ ቃል ሲነበብ ያለው ሐሳብ ሁሉ ይዘረዘራል። አንዱ ሐሳብ ሌላውን አያባርርም። እኔ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። ከሦስቱ መምረጥ የዳኛ ሥራ አይደለም እንዴ?»

ንዴቴ መሐል ላይ ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው ግን መልሼ ተቆጣሁ።

ትርንጎ ባመጣችው ነጥብ ለጥቂት አለፍን። በማግሥቱ የክፍሉ ኃላፊ ጠራኝ። «ሞገስን አንሺውና አዲሱን አቁሚ» አለ።

«አላነሳም።»

«ለባላጋራ የሚከራከር ጠበቃ ይዘን ወሳኙ ዙር ላይ ልንቀርብ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ። አስተካክለዋለሁ።»

«ካልተስተካከለስ?»

«የዚያን ጊዜ ራሴ አነሳዋለሁ» አልኩ። ቃሌን ሰጠሁ ማለት ነው። ከሞገስም አልደበቅኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። የሚቀጥለው ዙር ያለፈ ቡድን በቀጥታ ወደ ውጭው ውድድር ይሄዳል። ከአባቱ ጉባኤ ሲወጣ መንደሩ «የጀመረውን የማይጨርስ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ከዚህም ከተነሳ ያ ስም ሊጸድቅበት ነው። ይህን የነገረችኝ ትርንጎ ናት፤ እሱ አላወራውም።

ሥልጠናው ተጀመረ። ሕጉ አንድ ነው፤ ሞልካ፣ ሞልካ፣ ሞልካ። ስለ አርዳ አንዲት በጎ ቃል የለም። «በሌላ በኩል» የምትለውን ሐረግ ከአፉ ነቅዬ ለመጣል ቆረጥኩ። ትርንጎ የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ይዛ ትመጣና እሱ «በሌላ በኩል» ባለ ቁጥር አንድ ፍሬ ትወረውርበታለች። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በቆሎ ተሞላ፤ አቶ ወርቁ መጥረጊያ ይዘው ገቡና «ይህ ፍርድ ቤት ነው ወይስ አውድማ?» አሉን። በሳምንቱ ጥቂት ፍሬ ብቻ ወደቀ። በመጨረሻው ልምምድ አንድም አልወደቀም። ቆሎውን ተካፍለን በላነው።

«አስተካከልኩት!» ብዬ ለኃላፊው ደወልኩለት። አዲሱ ብቻ ዕቃውን እየሰበሰበ «ቲቸር፣ አሁን የሚናገረው ሞገስ አይመስልም» አለኝ። የውድድሩ ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

የወሳኙ ዙር ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ የፕላዝማው ክፍል በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላኛው የመሬት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ የያዘ ገበሬ ነው።

«የሞገስ አባት ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ዛሬ ፍርድ ቤት ይቆማል ብለው ነገሩን። ጥፋቱ ምን እንደሆነ የሚነግረን አጣን። ይህ ጎረቤቴ ነው፤ መሬቱን አስይዞ ዋስ ሊሆነው መጥቷል።»

የት ልግባ! ከጋዝጊብላ ድረስ ሌሊት ተነስተው፣ በእግር ወርደው፣ በመኪና ተጭነው ነው የመጡት። «የኔታ፣ ልጅዎ አልተከሰሰም» አልኳቸው። «እሱ ነው ለሌላ ሰው የሚከራከረው። ውድድር ነው።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ተመስገን» አሉ። ጎረቤታቸው ግን ደብተሩን አልፈታም። «እንግዲህ መጥተናል። እስኪያልቅ ድረስ እንቆይ፤ ማን ያውቃል» አለ።

ሁለቱንም ከኋላ አግዳሚው ላይ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ሞገስ አባቱን ሲያይ ደነገጠ፤ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «በል ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አሉት። የምንናገረው ድምፅ ማይኩ ጋ አይደርስም፤ ለተከራካሪዎቹ ግን ፍንጭ መስጠት፣ እጅ ማሳየት፣ ወረቀት ማቀበል ለአሰልጣኝ ክልክል ነው። አቶ ወርቁ በር ላይ ቆመው «ፀጥታ!» አሉ። ስክሪኑ በራ፤ ሦስት ዳኞች ታዩ። መሐል ያሉት ሴት ሰብሳቢዋ ናቸው።

ትርንጎ ስለ ዳኝነት ሥልጣን ተናገረች። መሐል ላይ ከውጭ አንድ አህያ አናፋ፤ ረጅም፣ የማያልቅ ማናፋት። ትርንጎ አቆመች። ሰብሳቢዋ ፊታቸውን ሳይፈቱ «ይህ አስተያየት ከመዝገቡ ውጭ ስለሆነ አንቀበለውም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ትርንጎም ስቃ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም።

ሞገስ ተነሳ። ያስተማርኩትን አንድ በአንድ አወረደው። ቃል አልሳተም። ድምፁ ግን ደረቅ ነው፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። ሰብሳቢዋ አቋረጡት። ጥያቄው ያው ጥያቄ ነው።

«አንድ አገር በሽታ ሲመጣበት በሩን መዝጋት አይችልም?»

«አይችልም።»

«በምንም ሁኔታ?»

«በምንም ሁኔታ» አለ ሞገስ።

ሰብሳቢዋ በግራ በኩል ወዳሉት ዳኛ ዞር አሉና አንድ ነገር ጻፉ። የተጻፈው ነገር ጥሩ እንዳልሆነ ሃያ ዓመት ዳኛ ሲጽፍ ያየ ሰው ያውቀዋል።

የኔታ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ምን አሉት?»

በሹክሹክታ ተረጎምኩላቸው።

«እሱስ ምን አለ?»

«በምንም ሁኔታ አይችልም አለ።»

የኔታ ትንሽ ዝም አሉ፤ የልጃቸው ዝምታ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። «ይህ ከብት የሌለው ሰው የሚመልሰው መልስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላውን ሐሳብ አያውቀውም?»

«ያውቀዋል፣ የኔታ።»

«ታዲያ ለምን ተወው?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም። «ለምን?» አሉ። በእውነት ለማወቅ ፈልገው ነበር የጠየቁኝ። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

በግራ በኩል ያሉት ዳኛ ወደ ማይካቸው ጎንበስ አሉ። «ጠበቃ፣ የተጠሪን ክርክር በጣም አቅልለው የተመለከቱት ይመስለኛል። እርስዎ የአርዳ ጠበቃ ቢሆኑ ኖሮ ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያዎ ምን ይሆን ነበር?»

ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየው ሰዓት ያዥ «አምስት ደቂቃ ቀረ» የሚል ካርድ አነሳች። እጆቼን ከጭኔ በታች አስገባሁ፤ ሳላስበው ምልክት እንዳልሰጠው ፈርቼ ነው። ምን ምልክት እንደምሰጠው እንኳ አላውቅም ነበር።

«ክቡራን ዳኞች» አለ ሞገስ፣ «ቀደም ሲል ‹በምንም ሁኔታ› ያልኩትን ትቼዋለሁ።»

ትርንጎ ጭንቅላቷን ያዘች።

«እኔ የአርዳ ጠበቃ ብሆን ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የከብት በሽታ ድንበር አያውቅም፤ አንድ የታመመ ወይፈን ሲገባ በሳምንት ውስጥ መንጋው ሁሉ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የአርዳ ገበሬም የሚያርሰው በበሬ ነው፤ በሬው ካለቀ በሚመጣው ዓመት እህል የለውም። ሦስተኛ፣ በር የዘጋ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ልጆቹን ቆጥሮ የዘጋም አለ።»

ድምፁ ተመልሶ መጣ። ያንን ድምፅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዳኞቹ ሦስቱም መጻፍ ትተው እያዩት ነው። አቶ ወርቁ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን በሩን ትተው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ደስም ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ምክንያቱም ባለፈው እዚህ ጋ ነው ጎንበስ ብሎ ያለፈው።

ካርዱ «ሁለት ደቂቃ» አለ።

ሞገስ ትንፋሽ ወሰደ። ዝም አለ። የኔታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ሦስቱም እውነት ነው፣ ክቡራን ዳኞች» አለ። «ሞልካ አንዱንም አትክድም። ነገር ግን የመዝገቡን አንቀጽ ሠላሳ አንድ ይመልከቱልኝ። በሽታው የታየው በሰሜኑ በር ብቻ ነው። በሌሎቹ ሁለት በሮች የአርዳ የእንስሳት ሐኪሞች ነበሩ፤ የታመመ ከብት ግን አላገኙም። የነገርኳችሁ ሦስት ምክንያት አንድ በር ለመዝጋት ይበቃል። እኛ የከሰስነው ስለ ሁለቱ በሮች ነው።»

ካርዱ «አበቃ» አለ። ሞገስ እጅ ነስቶ ተቀመጠ።

እኔ መጮህ ፈልጌ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩት። ተጠባባቂያችን አዲሱ፣ በመዝገቡ ላይ አንቀጽ ሠላሳ አንድን በጣቱ ይዞ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው። ያ አንቀጽ ከመጀመሪያው ጀምሮ መዝገቡ ውስጥ ነበር፤ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በላዩ ስሄድ ከርሜያለሁ። የአርዳን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ያልተከተለ ሰው የቱ ጋ እንደሚያልቅ ሊያይ አይችልም። እኔ ደግሞ እንዲከተለው ከልክዬው ነበር።

ተራው የአርዳ ሆነ። ተናጋሪያቸው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ልብሱም ያማረ። «በሽታ ድንበር አያውቅም…» ብሎ ሲጀምር ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሱ።

«ይህን ከአመልካች ጠበቃ ሰምተነዋል» አሉ። «እንዲያውም አሳምሮ አቅርቦልዎታል። ስለ ሁለቱ በሮች መልስ አለዎት?»

ልጁ ወረቀቱን ገለበጠ። ሌላ ገለበጠ። የያዘው ሁሉ ስለ በሽታው ነበር። የተዘጋጀበት ክርክር ከእጁ ላይ ተወስዶበት ባዶውን ቆመ። አዘንኩለት፤ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስታዬ ይበልጥ ነበር።

ውጤቱ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ትርንጎ ስልኳን አየች፣ ጮኸች፣ ወንበር ላይ ወጣች። አልፈናል! አዲሱ ሞገስን ተሸከመው። አቶ ወርቁ «ፀጥታ!» ሲሉ ራሳቸው እያጨበጨቡ ነበር። የኔታ ጎረቤት ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ እልልታውን ሲያቀልጠው ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰርግ መስሎት መጣ። ወደ ኃላፊው ደወልኩና «ቃሌን አፍርሻለሁ» አልኩት። «አላስተካከልኩትም። አሸንፈናል።»

የኔታ ልጃቸውን ወደ ጥግ ወሰዱት። በኽምጣኛ ስለሆነ ያወሩት እኔ የሰማሁት የለም። ሞገስ ግን ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ በርቷል። «ምን አሉህ?» አልኩት።

«አሁን ጨረስክ አሉኝ» አለ።

ለውጭው ውድድር ሄድን። ሦስተኛው ዙር ላይ ወደቅን። የጣሉን ልጆች ከእኛ ይበልጡ ነበር፤ ቅሬታ የለኝም። ሞገስ ዛሬ ተከላካይ ጠበቃ ነው፤ ደንበኛ ሲቀበል መጀመሪያ «ዐቃቤ ሕጉ የሚለው ምኑ ነው እውነት?» ብሎ ይጠይቃል አሉ።

ከወሳኙ ዙር በኋላ በነበረው ሰኞ ሦስቱንም አስቀምጬ ተሳስቼ ነበር አልኳቸው። ሞገስ በመጀመሪያው ዙር የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስቱን ሐሳብ ዘርዝሮ ሲያበቃ «ቢሆንም ሞልካ ትረታለች፤ ምክንያቱም…» ብሎ መጨረስ ነበረበት። እኔ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር ልለው ሲገባኝ፣ ሦስቱን ቆርጬ ጣልኩበት።

ስለዚህ አሁን ጀማሪ ሳሰለጥን የምሠራው እንዲህ ነው። የተሳሳተ የሚመስለኝን ነገር ሲናገር ከማረሜ በፊት አነጋገሩን ከየት እንዳመጣው እጠይቀዋለሁ። ነግሮኝ እስኪጨርስ ድረስ ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሳም።